ሦስት ጣት ወደ ቀኝ

መምህርት እማዋይሽ ማረፏን የሰማሁት ባለፈው ማክሰኞ ነው። የብየዳ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ የአንድ ሱቅ በር ማጠፊያ ሳስተካክል ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ታናሽ እህቷ ነበረች፣ ከደሴ።

«ጋሽ ኃይሌ ነዎት? የቦንጋው?»

«ነኝ።»

«እቴቴ ዐርፋለች። ኩላሊቷ ነው። ቁጥርዎን ስልኳ ላይ አግኝቼ ነው የደወልኩት።»

ነፍስ ይማር አልኩ። ከዚያ ልጠይቅ የማይገባኝን ጠየቅሁ፤ ስለ እኔ ምን ትል እንደነበር። ልጅቱ «በር ይሠራሉ ትል ነበር» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ሲገንዟት ከግራ ቅንድቧ በላይ ያለውን ጠባሳ አይተውት ይሆናል። የእኔ እጅ ነው። በድንጋይ መትቻት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ምክር የሚያበዛ ሰው ስለሆንኩ ነው። ከዚህ በታች ምክር ስታነቡ ከማን አፍ እንደወጣ አውቃችሁ አንብቡት።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ብየዳውን ከሚሠሩት አጠገብ ቆሜ እያየሁ፣ ሒሳቡን ከልጄ ከምትኩ ደብተር፣ ንባቡን ከእጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ በማንበብ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት። የሚያርመው ሰው አጠገቡ ስላልነበረ፣ ያወቃትን ቁራጭ ነገር ሙሉ አድርጎ ያያታል። ይህ በሽታ ነፍሰ ገዳይ ሊያደርገኝ ሲል ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

መምህርት እማዋይሽ ፊዚክስ ልታስተምር ቦንጋ ተመድባ ስትመጣ ከግቢዬ ጓሮ ያለውን ክፍል ተከራየች። አጭር ናት። ድምጿ ቆርቆሮ ሲቆረጥ የሚሰማውን ይመስላል። የቦንጋን ጭቃ በላስቲክ ቦት ጫማ እንደ ወታደር እየረገጠች ትሄድ ነበር። ሰው አፉን ሞልቶ ሲናገር ከሰማች አንዲት ቃል ነበረቻት። «ተለክቷል?» ትላለች። አልተለካም ከተባለች «እንግዲያስ ወሬ ነው» ብላ መንገዷን ትቀጥላለች። የሰፈሩ ሰው ይህን ሰምቶ ይስቅባት ነበር። ባለ ሱቁ ስኳር ሲመዝንላት ራሱ «ተለክቷል» ብሎ ይቀድማታል።

ስልኳ አንዳንዴ እንደ ወፍ ይጮኻል። ያኔ የያዘችውን ትጥላለች። እየበላች ከሆነ እጇን ሳትታጠብ፣ ልብስ እያጠበች ከሆነ አረፋውን ሳታራግፍ ወደ ክፍሏ ትሮጥና በእርሳስ ግድግዳዬ ላይ ትጽፋለች። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ተቆጣሁ።

«መምህርት፣ ግድግዳው ገና አሁን ነው ቀለም የተቀባው።»

«አንድ ኮከብ ሞቶ ነው፣ ጋሽ ኃይሌ።»

«የሞተ ሁሉ እኔ ግድግዳ ላይ የሚጻፍ ከሆነ ቤቱ አይበቃንም።»

ሳቀችና አስረዳችኝ። ታላቅ ኮከብ ዕድሜው ሲያልቅ በገዛ ራሱ ላይ ይፈርሳል። ሲፈርስ ፀሐይ በዕድሜዋ ሙሉ የምታወጣውን ኃይል በጥቂት ሴኮንድ ይተፋዋል። ብርሃኑ በዓይን የምናየው ዓይነት አይደለም፤ ጋማ ጨረር ነው፣ ሥጋና ቆርቆሮ የሚያልፍ። ደግነቱ የምድር አየር ያስቀረዋል። ስለዚህ ከመሬት ሆኖ የሚያየው የለም፤ ሰማይ ላይ የሚዞር ቴሌስኮፕ ነው የሚጠብቀው። ብልጭታው በመጣ ጊዜ ቴሌስኮፑ ማንንም ሳይጠይቅ፣ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ፊቱን ወደዚያ ያዞራል፤ ቦታውንም ወደ ምድር ይልካል። እሷ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን የሠራችው በዚህ ነበር። መልእክቱ ለጠየቀ ሁሉ ይላካል፤ እሷም ከሌሎች ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር የብልጭታውን ቅርጽ እያየች ትለይ ነበር፣ ያለ ደመወዝ።

ግድግዳው ላይ ሦስት ረድፍ ነበራት። «የታየበት ሰዓት»፣ «ቦታው»፣ «የዘገየው»። ሦስተኛው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ብልጭታው ከታየ በኋላ ቦታው እስኪታወቅ ስንት ሴኮንድ እንዳለፈ ነው። የዘገየ ሰው የሚያገኘው አመዱን ነው።»

ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፣ ባልም ልጅም አልነበራትም። አልወደድኩላትም፤ ነግሬያታለሁም። «ባል የሚያገኙልኝ ከሆነ ከኮከቦቹ ጋር የማይጣላ ይሁን» ብላ አለፈችኝ።

አንድ ቀን ወደ ሱቄ መጣችና በካሬ ካሬ የተሰመረ ወረቀት ዘረጋችልኝ። አንዳንዱ ካሬ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ ነጭ ነው። ሥርዓት የለውም። የጠቆረው በሙሉ ተበስቶ በላሜራ ይሠራልኝ አለች፤ ተማሪዎቿ የሰማዩ ቴሌስኮፕ እንዴት እንደሚያይ እንዲገባቸው ነው። ጋማ ጨረር በመስታወት አይሰበሰብም። ስለዚህ ከላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሳህን ያደርጉና ከሥር የሚያርፈውን ጥላ ያነባሉ።

እኔ ወረቀቱን አይቼ ሕፃን የሞነጫጨረው መሰለኝ። የማከብራት ሴት ዝብርቅርቅ ያለ ሥራ ይዛ ክፍል ገብታ እንዳይሳቅባት ብዬ ቀዳዳዎቹን በረድፍ፣ በእኩል ርቀት፣ አሳምሬ በሳሁላት። ስትመጣ አንስታ አየችው።

«ይሄ ወንፊት ነው።»

«ወንፊት እንዲህ አይሠራም። አንዱ ቀዳዳ ከአንዱ በፀጉር አይበልጥም።»

«ችግሩ እሱ ነው» አለች።

ያን ዕለት ምሽት ላይ ባትሪ አስያዘችኝና ግቢው ውስጥ የፈለግሁበት እንድቆም ነገረችኝ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ከሳህኑ ሥር ያነጠፈችውን ካርቶን ብቻ ታያለች።

«ከአቮካዶው ሥር ነዎት» አለች። «ወይም ከውኃ በርሜሉ ጋ። ወይም ከአጥሩ ጋ።»

«አንዱን ምረጪ እንጂ።»

«መምረጥ አልችልም። ሳህኑ ሦስቱንም ያሳየኛል። ረድፍ የያዘ ቀዳዳ ጥላው ቢንሸራተትም ያው ነው። አሳመሩትና አሳወሩት፣ ጋሽ ኃይሌ።»

ምትኩ በመስኮት እያየ ሳቀ። አፈርኩ። በማግስቱ ያንን ዝብርቅርቅ ሥዕል እንዳለ በሳሁላት፤ ማታ በሞከርነው ጊዜ ጥላውን አንዴ አይታ የቆምኩበትን ነገረችኝ። ከዚያ ስለ ቴሌስኮፑ አንድ ነገር ጨመረች። ጥላውን ከማንበቡ በፊት ራሱ ወዴት ዞሮ እንደቆመ በሚያውቃቸው ኮከቦች ያረጋግጣል። «ሳህኑ የት እንደነበረ ካላወቁ ጥላው ይዋሽዎታል» አለች። ክንዷን ወደ ሰማይ ዘርግታ ሦስት ጣቷን ገጥማ አቆመች። «ይህን ያህል ቢሳሳቱ ሌላ ኮከብ ነው የሚከሱት።»

እኔ ከዚህ ሁሉ ትምህርት የያዝኩት አንዱን ብቻ ነው፤ ቀዳዳውን ከምልክቱ ጋር አገናኝ፣ የመጣበትን ታገኛለህ። ሳህኑ የት ነበር የሚለው በዚህ ጆሮዬ ገብቶ በዚያ ወጣ።

ምትኩ ይወዳት ነበር። ሃያ ዓመት ሞልቶታል፣ ማታ ማታ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ የሞቱትን ኮከቦች ያነብላታል። በዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወደቀ። ውጤቱ የመጣ ቀን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፍኩት። የሃያ ዓመት ወንድ አባቱ ሲመታው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ፤ ያ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። መምህርት እማዋይሽ በር ሳታንኳኳ ገብታ መሐላችን ቆመች። ገመዱ ክንዷ ላይ አረፈ። አላሸችውም።

«የትኛው ጥያቄ ላይ እንደወደቀ ያውቃሉ?»

«ፈተናውን ወድቋል። አልበቃም?»

«እንግዲያስ የሚገርፉት በወሬ ነው።»

ከቤቴ ላስወጣት አሰብኩ። ያደረግሁት ግን ሌላ ነው። ልጁን ለቅጣት ወደ በቆሎ ማሳችን ሰደድኩት። ማሳው ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ፣ ከወንዙ ማዶ ተረተሩ ላይ ነው። እኔው በሠራሁት ማማ ላይ ተቀምጦ ሰብል እንዲጠብቅ፣ የአባቴን አሮጌ ጠመንጃ ሰጠሁት። «አንድ ዝንጀሮ ካስገባህ ቤቴ እንዳትመጣ» አልኩት። ልብ በሉ፤ ተኩስ ያልኩት እኔ ነኝ።

ከማሳው ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ወዲህ፣ የታናሽ ወንድሜ የታደሰ ቤት አለ። የቤቱን የቆርቆሮ በር የሠራሁት እኔ ነኝ። ማጠፊያው ወርዶ ነበር። በሩ ሲከፈት ግማሽ መንገድ ላይ መሬቱን ነክሶ ይቀራል፤ ካላነሱት አይዘጋም። ታደሰ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ትቶት ይውላል። ባገኘኝ ቁጥር ይወጋኛል። «የአገሩን በር የሚሠራ ወንድም አለኝ፤ የእኔን ቤት ዶሮ እየገባ ይጥልበታል» ይላል። እኔም «ነገ» እለዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ አልኩት።

በዚያው ተረተር፣ ከታደሰ ደጅ ሆነው ሲያዩት ከማማዬ በስተግራ፣ ቆጪቶ የሚባል ከሰል አክሳይ ይኖራል። ቆጪቶ ከእነዚያ ሰዎች ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኛ ስማቸውን ስድብ አድርገነዋልና። በጫካው ዳር ይኖራሉ፣ እንጨትና ከሰል ይሸጡልናል። የነኩትን ጣሳ አንጠጣበትም ነበር፤ ከቤታችን ደጃፍ አያልፉም ነበር። እኔ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩ ሰው፣ ቆጪቶ ከሰል ሲያመጣልኝ ደጅ ላይ አስደፍቼ ነበር የምቀበለው።

የከሰሉ ጭስ የታደሰን ንቦች ያባርር ነበር። አንድ ጠዋት ታደሰ ተሻግሮ ሄዶ ሁለት ጆንያ ከሰሉን ወንዝ ውስጥ ደፋበት። ቆጪቶ ሰው ፊት «ታያለህ» አለው። ይህን ብዙ ሰው ሰማ።

በዚያው ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ፣ አንድ ጥይት ጮኸ።

ወደ ማሳው እየሄድኩ ነበር፤ ሮጬ ስደርስ ታደሰ በሩ ኋላ መሬት ላይ ነበር። ጥይቱ ቆርቆሮውን በስቶ፣ አንገቱን አልፎ፣ ከኋላ ያለው የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ገብቷል። ደሙ በጣቶቼ መሐል ይወጣ ነበር። ሊናገር ፈልጎ ከአፉ የወጣው አረፋ ነው። እጄ ላይ ሞተ። አንሥተን ጎረቤት ቤት አስተኛነው፤ ሴቶቹ ጩኸቱን ተቀበሉ።

እኔ አላለቀስኩም። ተመልሼ ገባሁ። በሩን ጎትቼ ዘጋሁት። ግድግዳው ላይ ጥይቱ የገባበት ቀዳዳ ውስጥ ምስማር መታሁ፣ ሲባጎ አሰርኩ፣ በበሩ ቀዳዳ አሳልፌ ደጅ ድረስ ወጠርኩት። ዓይኔን አስጠግቼ አነጣጠርኩ። ሲባጎው ቀጥ ብሎ የቆጪቶን የከሰል ጭስ አሳየኝ።

ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። «ይኸው» አልኩ። «ቆጪቶ ነው። ተለክቷል።»

በእሷ ቃል ነው የተናገርኩት። ሰዎቹ ከአፌ ተቀብለው ወንዙን ሲሻገሩ አየሁ፤ ገጀራ የያዘ አለ፣ ፍልጥ የያዘ አለ። ብዙ ሳይቆዩ አመጡት። አንገቱ ላይ ገመድ አስገብተው እንደ ጥጃ ይጎትቱታል። አንድ ጆሮው ተተልትሎ ተንጠልጥሏል። ወንድሜ በወደቀበት ደጃፍ በጉልበቱ ጣሉት።

«አባቶቼ፣ እኔ አልተኮስኩም» ይላል። «እኔ ጠመንጃ የለኝም። እኔ ከሰል ነው የማውቀው።»

«ጠዋት ታያለህ ያልከው ማን ነው?» አለው የታደሰ ሚስት ወንድም፣ በፍልጡ ትከሻውን እየመታው።

«ለዳኛ እናገራለሁ ማለቴ ነው። ከሰሌን ደፍቶት ነው። ለዳኛ ማለቴ ነው።»

«ዳኛህ ይኸው» አለና ደገመው።

በዚህ መሐል መምህርት እማዋይሽ መጣች። ከትምህርት ቤት ሰምታ ሮጣ ነው፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። ሰዉን ሰንጥቃ ገባችና ሲባጎውን አየች። በእጇ ነካችው።

«ማነው የለካው?»

«እኔ።»

«ሲመታ በሩ እንደዚህ ነበር? ተዘግቶ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። የወንድሜ ቃል በጆሮዬ ጮኸ። በሩ በቀን ተዘግቶ አያውቅም፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ አሁን፣ በገዛ እጄ። በሩ ሲንቀሳቀስ ቀዳዳውም ይንቀሳቀሳል። ወዴት? ወደ ቀኝ። ከቆጪቶ በስተቀኝ ያለው የእኔ ማማ ነው።

«ተዘግቶ ነበር» አልኩ።

«የታደሰን በር በቀን ተዘግቶ አይቼው አላውቅም» አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «እናንተስ አይታችኋል?»

ወደ በሩ ተራመደች። ድንጋዩን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ሐዘኔን ስለደፈረች ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ ውሸት ነው። በሩን እንዳትከፍተው ነው። ቅንድቧ ላይ መታኋት። ቁጭ አለች። ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ፤ የመምህር ደም ሲፈስ ማየት አላሰቡም ነበር። እሷ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ ተነሣች።

«ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» አለች። «ለክቼ ልውጣ። ገመዱ ከእጃችሁ አይጠፋም።»

«ይግቡ፣ ጋሽ ኃይሌ» አለችኝ። ገባሁ።

ጣቷን ወደ መሬት ቀሰረች። የበሩ ጠርዝ በወንድሜ ደም ላይ ተስቦ ግማሽ ክብ አስምሯል። የጎተትኩት እኔ ነኝ። መስመሩ የሚያልቀው ደፉ ላይ ነው። የሚጀምረው ግን ከግማሽ መንገድ ነው፣ በሩ ሁልጊዜ መሬት ነክሶ ከሚቀርበት። በሩን በትከሻዋ አንሥታ እዚያ መለሰችው። ከቅንድቧ የሚወርደው ደም ከታደሰ ደም ጋር ይደባለቅ ነበር።

«ሲባጎውን ይወጥሩ።»

ወጠርኩ። አንድ ዓይኗ በደም ተሸፍኗል፤ በሌላው አነጣጠረች። ክንዷን ዘረጋች፣ ሦስት ጣቷን ገጠመች፣ አንዱን ጠርዝ የከሰሉ ጭስ ላይ አደረገች።

«ሦስት ጣት ወደ ቀኝ» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ከዚያ ከሦስተኛው ጣት ወዲያ ያለውን አየች። ክንዷ ወረደ። ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ያ ልጅ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ያነብላት ነበር።

«ጋሽ ኃይሌ፣ እርስዎ ይናገሩ» አለች በዝግታ። «እኔ ብናገር ሄደው ይገድሉታል። እርስዎ ከተናገሩ አባት ነው የሚናገረው።»

ዝም አልኩ።

ደጅ ላይ ሰዎቹ መጠበቅ ታክቷቸው ድብደባውን እንደገና ጀምረዋል። ቆጪቶ ስሜን ይጠራል። «ጋሽ ኃይሌ፣ ከሰል አመጣሁልህ እኮ፣ ጋሽ ኃይሌ» ይላል። ዝም አልኩ። አባት ነኝ ብዬ ነው፤ ልጄ ነው ብዬ ነው። እሷ ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። ዝም አልኩ። ከዚያ የቆጪቶ ክንድ ተሰበረ። ድምፁ የደረቀ ቀርከሃ ሲሰበር ያለው ነው። አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዛሬም ሰላም እንባባላለን።

ያን ጊዜ ወጣሁ።

«ተዉት» አልኩ። «ጥይቱ ከእኔ ማማ ነው የመጣው። ጠመንጃው የአባቴ ነው። ልጄ ነው።»

የታደሰ ሚስት ወንድም ፊቴ ላይ ተፋ፤ ተገቢ ነበር። ፍልጡን ግን ጣለው። ሁለት ሰዎች ከቆጪቶ አንገት ላይ ገመዱን ፈቱ። መምህርት እማዋይሽ ነጠላዋን ቀድዳ ክንዱን አሰረችለት። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ «ከእኛ ቀድሞ ማንም እንዳይደርስ» አለች፤ ወንዙን አብረን ተሻገርን። ደሟ አገጯ ላይ ደርቋል።

ምትኩ ማማው ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። ከታች የሚሰማው ጩኸት የሰርግ ይሁን የለቅሶ አለየውም። ሲያየኝ ቶሎ ብሎ ወረደ፤ ከተገረፈ ወዲህ ፊቱ ላይ ፈገግታ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«አባዬ፣ አንድም ዝንጀሮ አላስገባሁም» አለኝ።

ጠመንጃውን ተቀበልኩት። ሦስታችን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። የሆነውን ለልጁ የነገረችው እሷ ናት፤ እኔ አልቻልኩም። መንገድ ላይ ወገቡን እንደተመታ ሰው ተቀመጠ፤ እሷ አጠገቡ ጭቃው ላይ ተቀምጣ እስኪነሣ ጠበቀችው።

ፍርድ ቤት ቀርባ እንዴት እንደለካች፣ ስለ በሩም ስለ ደሙም ተናገረች። የእኔን ድንጋይ አልጠቀሰችም። ዳኛው የቅንድቧን ቁስል አይቶ ሲጠይቃት «በልኬቱ ላይ ለውጥ የለውም» አለች። ምትኩ የተኮሰው ዝንጀሮ ላይ እንደነበር፣ ሆን ብሎ እንዳላደረገው ታየለት፤ ግን ተፈረደበት፣ ታሥሮም ወጣ። አሁን ሺሺንዳ ጋራዥ ይሠራል። በበዓል ይመጣል። ብዙ አንነጋገርም፤ ግን ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ግቢዬ ውስጥ ኖራለች። እናቷ ታማ ወደ ደሴ እስክትዛወር ኪራዩን በቀኑ ትከፍል ነበር፣ ስልኳ ሲጮህ ትሮጥ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጠብቄያት እግሯ ላይ ወደቅሁ። አነሣችኝ።

«ድንጋዩን ይቅር ብዬዎታለሁ» አለች። «ድንጋዩ የእኔ ነው። ዝምታው ግን የእኔ አይደለም፤ ይቅር ልልዎት አልችልም።»

ስለዚህ ወደ ቆጪቶ ሄድኩ። ክንዱ ጠምሞ ነው የገጠመው፤ ከሰሉን በግራው ነው የሚጭነው። ደጁ ላይ ተቀምጬ የምለውን አልኩ። ገብቶ በጣሳው ውኃ ይዞ ወጣ፣ ራሱ ግማሹን ጠጣ፣ ሌላውን ሰጠኝ። ዓይኑን ከዓይኔ አላነሳም። አባቴም አያቴም ሳይጠጡበት የሞቱት ጣሳ ነው። ጠጣሁ። ውኃ ነበር።

«አሁን በር ሥራልኝ» አለኝ። «የማይወርድ።»

ማጠፊያውን ሦስት አድርጌ ሠራሁለት። ሲዘጋ በአንድ ጣት ነው።

የወንድሜን በር ግን አላደስኩትም። ቤቱ ባዶ ነው። እኔ እዚያ ስሄድ በሩ መሬት ነክሶ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ።

እህቷ የደወለች ቀን ሱቄን ዘግቼ ወደ ጓሮው ክፍል ገባሁ። ከእሷ በኋላ ሌሎች መምህራን ተከራይተውታል፤ ያን ግድግዳ ግን ማንም ቀለም እንዲቀባው አልፈቀድኩም። የሞቱት ኮከቦች ከላይ እስከ ታች ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዱ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የዘገየው። ከመሐላቸው አንዲት መስመር አለች። ከሄደች በኋላ ነበር ያገኘኋት፤ አንብቤ ዓመታት ሳልነካት ኖርኩ።

የታየበት ሰዓት፦ አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት። ቦታው፦ ሦስት ጣት ወደ ቀኝ። የዘገየው የሚለው ረድፍ ባዶ ነው። ስንት እንደዘገየ ታውቅ ነበር፤ አጠገቤ ቆማ ዓይኔን ታይ ነበርና። ግን ለእኔ ተወችው።

ከመሣሪያ ሣጥኔ እርሳስ አመጣሁ። ሴኮንዱን አላውቅም፤ አልለካሁትም። የማውቀውን ጻፍኩ።

«የሰው ክንድ እስኪሰበር ድረስ።»